«የእንግዴ ልጁ ሆርሞን ነው» አሉኝ፤ ምን ማለት ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«የምኖረው ሐዋሳ ነው። 29 ዓመቴ ነው፤ የመጀመሪያ እርግዝናዬ ሲሆን 27ኛ ሳምንት ይዣለሁ። በቤተሰባችን ስኳር ያለበት ሰው የለም፣ እኔም ወፍራም አይደለሁም። ባለፈው ሳምንት ክትትል በማደርግበት ቦታ የሚጠጣ ግሉኮስ ሰጥተው ሲለኩኝ በባዶ ሆዴ 96፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 171፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 158 ሆነ። ሲስተሯ ‹የእርግዝና ስኳር ነው፣ የእንግዴ ልጁ ሆርሞን ነው የሚያመጣው› አለችኝ። አማቴ ደግሞ ጣፋጭ ስለምታበዢ ነው፣ ጹሚበት ይሉኛል። የገዛ ልጄ እንግዴ ልጅ እንዴት እኔን ያሳምመኛል? ከወለድኩ በኋላ ይጠፋል? እንጀራ ላቁም?»

እህቴ፣ በሰላም ያገላግልሽ። ጥያቄሽን ሳነበው ጥፋተኛ ፍለጋ ላይ እንዳላችሁ ታየኝ። አማትሽ አንቺ ላይ ፈርደዋል፣ አንቺ ደግሞ እንግዴ ልጁን ጠርጥረሻል። በሰውነትሽ ውስጥ የሚካሄደውን በደንብ ካየሽው ግን ጥፋተኛ የሚባል የለም። ምን እንደምትበዪ፣ መጾም ለምን እንደማይበጅሽ፣ ከወሊድ በኋላ ለምን እንደገና መመርመር እንዳለብሽም በዚያው ይገባሻል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በቁጥሮችሽ ልጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መስፈርት መሠረት አንዲት ነፍሰ ጡር 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥታ ስትለካ፣ በባዶ ሆድ 92፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 180፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 153 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የእርግዝና ስኳር አለባት ይባላል። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢያልፍም በቂ ነው። ያንቺ ሁለቱ አልፈዋል። ሲስተሯ ልክ ናት። ግን በባዶ ሆድ 126 ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ 200 ቢደርስ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያ ሙሉ የስኳር በሽታ ይባላል። ያንቺ ከዚያ በብዙ ይርቃል።

አሁን ወደ እንግዴ ልጁ። ብዙ ሰው እንግዴ ልጅ ምግብ ከእናት ወደ ልጅ የሚያሳልፍ ነገር ብቻ ይመስለዋል። ያሳልፋል፣ እውነት ነው። ግን ራሱም ብዙ ሆርሞን ያመነጫል። ከነዚህ አንዱ ሂውማን ፕላሰንታል ላክቶጅን ይባላል፤ እንዲያጥር ከዚህ በኋላ ላክቶጅን እለዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆሲሞቪችና ማክላረን የተባሉ ተመራማሪዎች ከሰው እንግዴ ልጅና ለመውለድ ከደረሱ እናቶች ደም ውስጥ አግኝተው ገለጹት። 191 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፕሮቲን ነው። ከእድገት ሆርሞን ጋር 85 በመቶ ገደማ ይመሳሰላል፣ ጡት ወተት እንዲያመርት ከሚያደርገው ከፕሮላክቲን ሆርሞንም ጋር ዝምድና አለው። ይህን ዝምድና ያዢልኝ፣ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

የሚገርመው መጠኑ ነው። በ6ኛው ሳምንት ገደማ በእናት ደም ውስጥ ይገኛል። እንግዴ ልጁ ባደገ ቁጥር እሱም እየጨመረ ይሄድና 34ኛና 36ኛ ሳምንት አካባቢ ጣሪያ ይነካል። በመጨረሻው ወር ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝን እንግዴ ልጅ በቀን 1 ግራም ያህል ላክቶጅን ያወጣል። 1 ግራም ምን አላት ትዪ ይሆናል። አብዛኞቹ ሆርሞኖች ግን የሚለኩት በግራም ሳይሆን በሚሊግራምና በማይክሮግራም ነው። መንታ ያረገዘች ሴት ደግሞ እንግዴው ስለሚበዛ ከዚህም በላይ አላት። ከዚህ ሁሉ ወደ ጽንሱ የሚያልፈው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ወደ እናት ደም ነው የሚገባው። ማለትም ሆርሞኑ የሚመጣው ከልጁ ወገን ነው፣ ሥራውን የሚሠራው ግን አንቺ ላይ ነው።

ምን ይሠራል? አንደኛ፣ የተጠራቀመ ስብሽን ይፈታል። ከስቡ የሚወጡት ፋቲ አሲዶች ወደ ደም ይገባሉ፣ ጡንቻሽና ጉበትሽም እነሱን ማቃጠል ይጀምራሉ። ሁለተኛ፣ ኢንሱሊን ሥራውን እንደልቡ እንዳይሠራ ያደርጋል። ኢንሱሊን ከምግብ በኋላ ስኳርን ከደም ወደ ጡንቻና ወደ ስብ የሚያስገባው ሆርሞን ነው። እሱ ሲደክም ስኳሩ ደም ውስጥ ትንሽ ይቆያል። የሚጠቀመው ማን ነው? ጽንሱ ነው፤ የሱ ዋና ምግብ ግሉኮስ ነውና። እናት እሷ ባላት ነገር ጠግባ የተሻለውን ለልጇ እንደምታስቀምጠው ማለት ነው። አካልሽ በስብ እየኖረ ግሉኮሱን ለልጅሽ ይቆጥባል። ለዚህ ነው ጤነኛ እርጉዝ ሁሉ በመጨረሻዎቹ ወራት ለኢንሱሊን ያላት ስሜት በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የሚቀንሰው። ይህ በሽታ አይደለም፣ የእርግዝና ወግ ነው።

እዚህ ላይ ነው ዝምድናው የሚመጣው። ላክቶጅን ፕሮላክቲን በሚገባበት በር መግባት ይችላል። ያ በር ደግሞ ኢንሱሊን በሚሠሩት የቆሽት ሴሎች ላይም አለ። ስለዚህ ያው ኢንሱሊንን የሚያዳክም ሆርሞን፣ በሌላ በኩል ቆሽትን «በርታ፣ ጨምር» ይለዋል። በእርግዝና መጨረሻ ቆሽት ከድሮው ሁለትና ሦስት እጥፍ ኢንሱሊን ያወጣል። እኔ ከዚህ ሁሉ ነገር በጣም የምወደው ይህን ክፍል ነው። እንግዴ ልጁ ሸክሙን ሲያከብድ ለመሸከሚያውም አቅም ይጨምራል። አብዛኞቹ ሴቶች ላይ ሁለቱ ስለሚመጣጠኑ ስኳሩ ከልኩ ሳይወጣ ዘጠኝ ወር ይሞላል። አንዳንዶች ላይ ግን ቆሽት የቻለውን ያህል ጨምሮ ሸክሙ ይበልጠዋል። አንቺ ላይ የሆነው ይህ ነው።

አንድ እርማት ላክልበት። ድሮ የሚጻፉ መጻሕፍት ነገሩን ሁሉ ላክቶጅን ላይ ይደፈድፉታል። ያ የተጋነነ ነው። እንግዴ ልጅ የራሱ የሆነ የእድገት ሆርሞንም አለው፤ በእርግዝናው አጋማሽ ከአንጎል ሥር የሚመነጨውን የእናትን የእድገት ሆርሞን ተክቶ ይሠራል። ኢንሱሊንን በማዳከም ረገድ ዛሬ ትልቁ ድርሻ የሚሰጠው ለእሱ ነው። ፕሮጄስትሮን፣ ኮርቲሶልና ሌሎችም አብረው አሉ። እንዲያውም የላክቶጅን ጂን ጎድሎ ሆርሞኑ በደማቸው የሌለ እናቶች ተገኝተው ደህና ልጅ ወልደዋል። ስለዚህ ሲስተሯ «ሆርሞን» ስትል ብዙ ሆርሞኖች አንድ ላይ ማለቷ እንደሆነ ቁጠሪው። «ላክቶጅንሽን አስለኪ» የሚልሽ ካለ ደግሞ ብርሽን አታባክኚ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የእንግዴ ልጅን ጤና ለማወቅ ይለካ ነበር፤ ዛሬ አልትራሳውንድ ተክቶታል። ላንቺ የሚያስፈልግሽ ስኳርሽን መለካት ነው።

«ወፍራም አይደለሁም፣ በዘር የለም፣ ታዲያ ለምን እኔ?» ለሚለው፦ ውፍረት፣ ዕድሜ፣ በቤተሰብ ስኳር መኖሩ፣ ከዚህ በፊት ትልቅ ልጅ መውለድ ዕድሉን ይጨምራሉ። አለመኖራቸው ግን ዋስትና አይሆንም። የቆሽት አቅም ከሰው ሰው ይለያያል፤ ከውጭ አይታይም፣ የሚታየው እንዲህ ያለ ሸክም ሲመጣ ነው። ምርመራው ከ24ኛ እስከ 28ኛ ሳምንት የሚደረገውም ሆርሞኖቹ ከፍ የሚሉት በዚያ ጊዜ ስለሆነ ነው። ጣፋጭ ማብዛት ያለውን ችግር ያባብሳል፤ ብቻውን ግን ይህን አያመጣም። ይህን አንብቢላቸው ለአማትሽ። የሚሉሽ ለልጁ ብለው ነው።

ልጁስ? ስኳር በእንግዴ ልጅ በኩል እንደልቡ ያልፋል። ያንቺ ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ያንቺ ስኳር ሲበዛ የልጁም ይበዛል፤ የልጁ ቆሽት ደግሞ የራሱን ኢንሱሊን አብዝቶ ያወጣል። ፔደርሰን የተባለ የዴንማርክ ሐኪም ይህን ያስረዳው ገና እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ኢንሱሊን በጽንስ ላይ ሲበዛ ያወፍራል፣ ትከሻና ሆድ አካባቢ ስብ ያከማቻል፤ ምጥ የሚከብደው ለዚህ ነው። እትብቱ ሲቆረጥ ደግሞ ከአንቺ የሚመጣው ስኳር በአንዴ ይቆማል፣ የልጁ ኢንሱሊን ግን ገና ከፍ እንዳለ ነው። ስለዚህ የሕፃኑ ስኳር ሊወርድ ይችላል። በ9 አገሮች ከ25 ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት እነዚህ ችግሮች ከእናቲቱ ስኳር ጋር ደረጃ በደረጃ እንደሚጨምሩ አሳይቷል። የምሥራቹም እዚያው ውስጥ ነው፦ ስኳሩን ባወረድሽ መጠን አደጋው ይወርዳል።

ስለ ጾም። ስለ ሥርዓቱ የንስሐ አባትሽን ወይም የሃይማኖት አባትሽን አነጋግሪ፤ እኔ የምናገረው ስለ ሰውነትሽ ነው። ማታ 2 ሰዓት ራት በልተሽ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሳትቀምሺ ብትቆዪ 19 ሰዓት ነው። እርጉዝ ያልሆነ ሰው ይችለዋል። አንቺ ላይ ግን ጽንሱ ሳያቋርጥ ግሉኮስ ይወስዳል፣ ሆርሞኖቹም ስብ እያስፈቱ ነው። ረሃቡ ሲረዝም ላክቶጅን ራሱ ከፍ እንደሚል ታይቷል። ሰውነትሽ ሌላው ሰው ቀናት የሚፈጅበት የረሃብ ደረጃ ላይ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል፤ ኬቶን የሚባለው የስብ ውጤት በደምሽ ይከማቻል። ከዚያ ተርበሽ በአንዴ ስትበዪ ስኳሩ ይተኮሳል። ስለዚህ «ብጾም ይወርዳል» የሚለው አይሠራም። የጾም ምግቡ ራሱ፣ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ ግን ላንቺ ጥሩ ነው። የሚጎዳው ሰዓቱ ነው።

እንጀራ አታቁሚ። አንቺም ልጁም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋችኋል፤ ለነፍሰ ጡር በቀን ከ175 ግራም በታች እንዲወርድ አይመከርም። መለወጥ ያለበት መጠኑና አበላሉ ነው። በአንድ ማዕድ ሁለት እንጀራ ከምትበዪ አንድ ወይም ግማሽ እንጀራ ብዪ፣ ወጡን አብዢው። ሦስት ዋና ምግብና በመሃል ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ ይሁን። ጠዋት ላይ ጠንቀቅ በይ፤ ለብዙ ሴቶች ስኳር በቀላሉ የሚዘለው ከቁርስ በኋላ ነው። ነጭ ዳቦ በስኳር ሻይ ለአንቺ የሚሆን ቁርስ አይደለም። እንቁላል ከትንሽ እንጀራ ጋር ይሻልሻል።

ሐዋሳ ስላለሽ ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር። ቆጮ ከሞላ ጎደል ስታርች ብቻ ነው፣ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። ተዪው አልልሽም፤ ግን ብቻውን ወይም በቅቤ ብቻ አትብዪው። ከጎመን፣ ከአይብ፣ ከሥጋ ጋር ይሁን፣ እሱም በመጠኑ። ዓሣ በደጅሽ ነው፣ ተጠቀሚበት፤ ብቻ በደንብ የበሰለ ይሁን፣ ጥሬውን በእርግዝና ጊዜ አትንኪ። ሰው ሁሉ ጤና ነው ብሎ የሚያስበው ጁስ ደግሞ በጣም ያሳስበኛል። ስፕሪስ የሚቀርብበትን ትልቅ ብርጭቆ አስቢው፦ ከታች አቮካዶ፣ መሃል ማንጎ፣ ከላይ ፓፓያ፣ አቮካዶው ሲፈጭ የተጨመረ ስኳር፣ አናቱ ላይ የሚፈስ ቀይ ሽሮፕ። አቮካዶው ምንም አላጠፋም። ስኳሩና የተፈጨው ፍራፍሬ ነው ጉዱ። አቮካዶ ካማረሽ «ያለ ስኳር፣ በሎሚ» ብለሽ እዘዢ፣ ወይም ቤትሽ በማንኪያ ብዪው። ፍራፍሬውንም ሳይፈጭ፣ በትንሹ። ለስላሳና በማር የጣፈጠ አጥሚት ለጊዜው ይቅሩብሽ። ለስኳር ነው ተብሎ የሚጠጣ ሽፈራው ወይም አብሽ የሐኪም ሕክምና ምትክ አይሆንም።

ከምግብ በኋላ ተራመጂ። ሐኪምሽ ካልከለከለሽ ከምሳና ከራት በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ቀስ ብሎ መሄድ ይበቃል። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ኢንሱሊን ብዙም ሳይጠብቅ ስኳር ይወስዳል፤ እንግዴ ልጁ የዘጋብሽን በር በሌላ በኩል የምትከፍቺው በዚህ ነው። በባጃጅ የምትሄጂውን አጭር መንገድ በእግርሽ አድርጊው።

ከተቻለ የስኳር መለኪያ ማሽን ቤት ይኑርሽ። ጠዋት በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ምግብ ከጀመርሽ ከ1 ሰዓት በኋላ ከ140 በታች፣ ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ ከ120 በታች ነው የምንፈልገው። ስትለኪ እጅሽን ታጠቢ፣ አድርቂው፤ ፍራፍሬ የነካ ጣት ውሸት ቁጥር ያሳያል። ውጤቱን ከበላሽው ምግብ ጋር ደብተር ላይ ጻፊና ለክትትል ስትሄጂ ይዘሽ ሂጂ። እኔ ከብዙ የላቦራቶሪ ወረቀት ያ ደብተር ይበልጥብኛል። ማሽን መግዛት ካልተቻለ በክትትል ቀንሽ እንዲለኩልሽ ጠይቂ፣ አትፈሪ።

ምግቡንና እንቅስቃሴውን አንድ ሁለት ሳምንት በደንብ ይዘሽ ቁጥሮቹ ካልወረዱ ሐኪምሽ ኢንሱሊን ሊያዝልሽ ይችላል። ይህ አያስደንግጥሽ። «ኢንሱሊን የጀመረ አይላቀቅም» የሚባለው ለእርግዝና ስኳር አይሠራም። የምንሰጥሽ ቆሽትሽ ያጠረውን ለመሙላት ነው፤ ወደ ልጁም አያልፍም። ሜትፎርሚን የሚባለው የሚዋጥ የስኳር መድኃኒት የሚታዘዝበትም ጊዜ አለ፤ እሱ በእንግዴ ልጅ በኩል ስለሚያልፍ ውሳኔው የሐኪምሽ ይሁን። ኢንሱሊን ጀምረሽ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ፍላጎቱ ያለ ምክንያት በድንገት ቢወርድ፣ «ተሻለኝ» ብለሽ ዝም አትበይ። እንግዴ ልጁ እየደከመ መሆን አለመሆኑ መታየት አለበት። የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽም ስኳርሽ ምንም ይሁን ምን በዚያው ቀን ሂጂ፣ እስከ ቀጠሮ አትጠብቂ።

የምትወልጂው ሆስፒታል ይሁን። ሕፃኑ እንደተወለደ ደረትሽ ላይ አድርገው በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት አጥቢው፤ የመጀመሪያው ወተት፣ እንገሩ፣ ስኳሩን ይይዝለታል። ከተረከዙ ጠብታ ደም ወስደው ስኳሩን ሲለኩ አትከልክዪ። ቅቤ ማላስም ሆነ ስኳር ውሃ መስጠት አያስፈልግም፤ ዘመድ ሊያደርግ ቢነሳ አንቺ አስቀድመሽ ተናገሪ።

«ይጠፋል ወይ?» ላልሽው መልሱን የሚያሳየን የወሊድ ክፍል ነው። አዋላጇ እንግዴ ልጁ ሙሉ መውጣቱን ሳህን ላይ ገልብጣ ታያለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ላክቶጅን የሚያመነጭ የለም። በደም ውስጥ ያለው በ15 እና 20 ደቂቃ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል፣ በማግስቱ የለም ማለት ይቻላል። ኢንሱሊን ጀምረሽ ከነበረም አብዛኛውን ጊዜ የምናቆመው እዚያው ነው። ጠዋት ሲለኩ ቁጥሩ ወደ ልኩ ተመልሶ ታገኚዋለሽ።

ስኳሩ ወረደ ማለት ግን ቆሽትሽ ሌላ ሆነ ማለት አይደለም። እርግዝናው አቅሙ የት ድረስ እንደሆነ አሳይቶሻል። የእርግዝና ስኳር የያዛት ሴት ከሌላዋ ጋር ስትነጻጸር ወደፊት ሁለተኛው ዓይነት ስኳር የመያዝ ዕድሏ ከ7 እጥፍ ያላነሰ ነው። ስለዚህ ለልጅሽ የ45 ቀን ክትባት ስትሄጂ ያንኑ የሚጠጣ ግሉኮስ ለራስሽም እንዲያዙልሽ ጠይቂ፤ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መሆን አለበት። ብዙ እናት ልጇን አስከትባ ራሷን ረስታ ትመለሳለች። ደህና ከሆነም በየዓመቱ፣ ቢዘገይ በየሦስት ዓመቱ ተለኪ። ጡት ማጥባትሽ በዚህ ረገድም ያግዝሻል። ሁለተኛ ስታረግዢ ደግሞ 24ኛ ሳምንት እስኪደርስ አትጠብቂ፤ በመጀመሪያው የክትትል ቀን «ባለፈው የእርግዝና ስኳር ነበረብኝ» በያቸው።